ሁለቱን በአንድ ላይ

ቤታችን የነበረው ቴፕ ከፊቱ ስድስት በተኖች ተደርድረውበታል። አምስቱ ያው ጥቁር ናቸው፤ ስድስተኛዋ ላይ ግን ቀይ ነጥብ አለ። ቀይዋ ለብቻዋ ምንም አትሠራም። ለመቅዳት ቀይዋንና ፕሌይን በአንድ ላይ፣ በሁለት ጣት፣ "ቋ" እስኪል መጫን ያስፈልጋል። አባዬ እንደዚያ ሲያደርግ አይቻለሁ። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ሁለት በተን አንድ ላይ የሚጫን ሰው ለእኔ አውሮፕላን ከሚያበር ሰው እኩል ነበር።

አንድ ቀን ማንም ሳያየኝ እኔም ሞከርኩት። ውስጡ የነበረው ካሴት አክስቴ ከጅዳ የላከችው ነው። ያኔ ስልክ ውድ ነበር፤ አረብ አገር ያለ ሰው ደብዳቤውን በድምፁ ቀድቶ ወደ አገር ቤት ለሚመጣ ሰው ይሰጣል፣ ቤተሰቡ ደግሞ ተሰብስቦ እንደ ዜና ያዳምጠዋል። አክስቴ ሰላምታዋን ከአያቴ ጀምራ ጎረቤቱን ሁሉ በየስሙ እየጠራች ነበር የምትወርደው። እኔ በተኖቹን የተጫንኩት እዚያ ሰላምታ መሃል ላይ ነው። ማታ ካሴቱ ሲከፈት አክስቴ "እንዲሁም ለ..." አለችና ጠፋች። በእሷ ፈንታ የእኔ ትንፋሽ መጣ፣ ከዚያ አንድ አውራ ዶሮ ጮኸ፣ ከዚያ አክስቴ ተመለሰች። እማዬ አልተቆጣችኝም። ዝም ብላ ካሴቱን ወደ ኋላ መልሳ እንደገና አዳመጠችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ነገር ያስታወሰኝ ከሃያ ዓመት በኋላ ያጋጠመኝ ሌላ ሁለት በተን ነው።

የጓደኛዬን ዘፈን እያቀናበርኩ ነበር። የኪቦርዱ ድምፅ ቀጭን ሆነብኝ፤ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ወረቀት፣ ከኋላው ምንም የለም። ላፕቶፔ ላይ በነፃ ያወረድኩት ታል ኮረስ ኤልኤክስ የሚባል ትንሽ ፕለጊን ነበር፤ ብዙ ነገር የለውም፣ ዋናዎቹ አንድና ሁለት የሚል የሮማ ቁጥር የተጻፈባቸው ሁለት በተኖች ናቸው። አንድን ስጫን ድምፁ ሰፋ። ሁለትን ስጫን ይበልጥ ሞቀ። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሁለቱንም አበራኋቸው። ድምፁ ስፋቱን ትቶ እንደ ድሮ ኦርጋን በፍጥነት ይንቀጠቀጥ ጀመር። አጠገቤ የተቀመጠው የስቱዲዮ ባለሙያ፣ በዕድሜም በሥራም ታላቄ ነው፣ "እሱ እኮ አንዱን መርጠህ ነው የምትጫነው" አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ግን ወደ ስፒከሩ ጠጋ አለና፣ "ቆይ፣ እስቲ ድገመው" አለ።

መጀመሪያ የተሳሳተ ነገር የነካሁ መስሎኝ ነበር። ኋላ ላይ ሳስበው ግን ነገሩ ቆረቆረኝ። ኮምፒውተር ላይ ያለ በተን ሥዕል ነው። ሥዕል ደግሞ በራሱ ጊዜ አይንቀጠቀጥም። ሁለቱ በአንድ ላይ ሲበሩ እንዲህ ይሁን ብሎ የጻፈ ሰው አለ ማለት ነው። ያ ሰው ከየት አመጣው? የዚህ ጽሑፍ ታሪክ እሱን ፍለጋ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አንድ ዜማ፣ ብዙ ሰው

ኮረስ ስል የዘፈኑን አዝማች ማለቴ አይደለም። ሠርግ ቤት ሃያ ሰው አንድ ላይ ሲቀበል አስቡት። ዜማው አንድ ነው፣ ግጥሙ አንድ ነው፤ ነገር ግን አንዷ በትንሹ ትቀድማለች፣ ሌላው በትንሹ ይዘገያል፣ አንዱ ድምፁን ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ያደርጋል። ያቺ ትንሽ አለመገጣጠም ናት የብዙ ሰው ድምፅን የብዙ ሰው የምታደርገው። ሁሉም ፍጹም ቢገጥሙ የሚሰማችሁ የአንድ ሰው ጩኸት ነው።

ኮረስ የሚባለው መሣሪያ ይህችን አለመገጣጠም በኤሌክትሪክ ይሠራታል። ድምፁን ይቀበላል፣ አንድ ቅጂ ያወጣለታል፣ ቅጂውን በጥቂት ሺኛ ሰከንድ ያዘገየዋል፣ ከዋናው ጋር ይቀላቅለዋል። ታዲያ መዘግየቱ ባለበት አይቆምም፤ ቀስ እያለ ይረዝማል፣ ቀስ እያለ ያጥራል። መዘግየቱ ሲያጥር የቅጂው ድምፅ በትንሹ ይቀጥናል፣ ሲረዝም ይወፍራል። አምቡላንስ ሲመጣ ድምፁ ቀጥኖ አልፎ ሲሄድ እንደሚወፍረው ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ኪቦርድ ብቻውን ተቀምጦ ሁለት የሚሆነው በዚህ ዘዴ ነው።

ድምፅን ለጥቂት ሺኛ ሰከንድ ይዞ ማቆየት ግን ቀላል ሥራ አልነበረም። መፍትሔው የመጣው ከኔዘርላንድ ነው። በ1969 የፊሊፕስ ተመራማሪዎች የሆኑት ሳንግስተርና ቴር አንድ ዓይነት ሰርኪዩት ፈጠሩ፤ ስሙንም በእሳት አደጋ ጊዜ ሰዎች ተሰልፈው ባልዲ ከሚቀባበሉበት ሰልፍ ወሰዱለት። እኛ አገር ፎቅ ሲሠራ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል፦ ሲሚንቶው ከታች ተነስቶ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ነው ላይ የሚደርሰው። እዚህ ሰርኪዩት ውስጥም እንደዚሁ ነው፤ ድምፁ በትንንሽ የኤሌክትሪክ ጭነት ተከፋፍሎ በመቶዎች ከሚቆጠሩ ማቆያዎች አንዱ ለሌላው እያቀበለው ያልፋል። ሰልፈኞቹ ሲፈጥኑ መዘግየቱ ያጥራል፣ ሲያዘግሙ ይረዝማል። በኋላ የጃፓኑ ማትሱሺታ ይህን ቺፕ በብዛት ማምረት ጀመረ፤ ጃፓን ውስጥ ደግሞ ቺፑን የሚጠብቅ ሰው ነበር።

ኢኩታሮ ካኬሃሺ ሮላንድን በ1972 ኦሳካ ውስጥ አቋቋመ። በ1975 የወጣው ጃዝ ኮረስ 120 የተባለው የጊታር አምፕሊፋየር ኮረሱን በሆዱ ይዞ መጣ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1976፣ ያ ሰርኪዩት ተነጥሎ በብረት ሳጥን ውስጥ ገባና ሲኢ-1 ተባለ፤ ቦስ በሚል ስም የወጣ የመጀመሪያው ኮረስ ፔዳል ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጆሯችሁ ያውቀዋል። የሰማንያዎቹ ሙዚቃ ግማሽ ያህሉ በዚህ ውኃ ውስጥ የተነከረ ነው። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ የኒርቫናው ከርት ኮቤይን "ከም አዝ ዩ አር" ላይ የተጠቀመበት የጊታር ድምፅም የዚሁ ዘር ነው፤ ፔዳሉ ስሞል ክሎን ይባላል።

አራት በተን፣ አንድም ማዞሪያ

ኮረስ አንድ ችግር ነበረበት። ሲበዛ ያዞራል። መንቀጥቀጡ ጎልቶ ይወጣና ሰሚው ጀልባ ላይ የተሳፈረ ያህል ይሆናል። በ1979 ሮላንድ ዳይሜንሽን ዲ የሚባል፣ ኤስዲዲ-320 የሚል የሞዴል ስም ያለው የስቱዲዮ መሣሪያ አወጣ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ሁለት የመዘግየት መስመር ይኑር፣ አንደኛው ወደ ላይ ሲሄድ ሌላኛው ወደ ታች ይሂድ። በግራ ጆሮ ድምፁ ሲቀጥን በቀኝ ይወፍራል። አንዱ የሌላውን መወዛወዝ ይሸፍነዋል፤ ስፋቱ ይቀራል፣ ማዞሩ ይጠፋል። ሥራው በጣም ስውር ከመሆኑ የተነሳ ብዙ ጊዜ መኖሩ የሚታወቀው ሲጠፋ ነው።

የሚገርመው ፊቱ ነው። ፍጥነት የሚባል ማዞሪያ የለም። ጥልቀት የሚባል ማዞሪያ የለም። ማጥፊያና ከአንድ እስከ አራት ቁጥር ያላቸው ትልልቅ በተኖች ብቻ። አንድ ቁጥር በጣም ለስላሳው ነው፣ አራት ቁጥር በጣም ግልጹ። መሐንዲሶቹ "ምርጫውን እኛ ጨርሰንላችኋል፤ እናንተ አንዱን ውሰዱ" ያሉ ይመስላል።

"አንዱን ውሰዱ" የሚለውን ደግሞ በቃል ብቻ አላሉትም፣ በብረት አስረውታል። በተኖቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲገባ ገብቶ የነበረው ተስፈንጥሮ ይወጣል። የድሮ ራዲዮን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አጭር ሞገዱን ስትጫኑት መካከለኛው ሞገድ "ቋ" ብሎ ይወጣል። ዛሬ ድረ ገጽ ላይ ቅጽ ስትሞሉ ከብዙ ምርጫ አንዱን ብቻ የሚያስመርጡት ክብ ነጥቦች በእንግሊዝኛ "ሬዲዮ በተን" የሚባሉትም ከዚያው ራዲዮ በተወሰደ ስም ነው።

ግን ያ ብረት አንድ ደካማ ጎን ነበረው። ሁለት በተን በትክክል በአንድ ቅጽበት ብትጫኑ፣ የትኛውን እንደሚያስወጣ አያውቅም። ሁለቱም ገብተው ይቀራሉ። የእኛ ቤት ልጆች ይህን በራዲዮ ላይ ስንት ጊዜ አድርገነዋል! ሁለት ሞገድ አንድ ላይ ተጭነን፣ ምናልባት ሁለት አገር አንድ ላይ ይሰማል ብለን ጠብቀን፣ ጫጫታ ብቻ ሰምተን ከአባዬ ቁጣ የሸሸነው።

ዳይሜንሽን ዲ ላይ ግን ጫጫታ አልመጣም። እያንዳንዱ በተን ሲገባ ፍጥነቱንና ጥልቀቱን ወደሚወስነው ሰርኪዩት የራሱን መንገድ ይከፍታል። ሁለቱ ሲገቡ ሁለት መንገድ በአንድ ጊዜ ይከፈታል፤ ኤሌክትሪኩ ደግሞ "ይህ አልተፈቀደም" አይልም፣ በተከፈተለት ይሄዳል። የሚወጣው ድምፅ አንድ ቁጥርም አይደለም፣ አራት ቁጥርም አይደለም፤ ስም ያልወጣለት ሌላ ነው። የስቱዲዮ ሰዎች ይህን አገኙት፣ ወደዱት፣ ለቀጣዩ ሰው ነገሩ። በቁጥር እናስላው፦ በአራት በተን አንድ በአንድ አራት ድምፅ አለ፤ ሁለት ሁለቱን ስታጣምሩ ስድስት፣ ሦስት ሦስቱን አራት፣ አራቱንም አንድ። ሲደመር 15። ፋብሪካው በቁጥር የጠራው አራቱን ነው። የቀሩትን 11 የፈለገ ሰው በራሱ ጣት መፈለግ ነበረበት። ሁሉም እርስ በርሳቸው የጎላ ልዩነት አላቸው ማለቴ አይደለም፤ በሩ ግን አልተዘጋም።

የታላቁ ወንድም ልማድ

እዚህ ላይ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ልመለስ፣ ምክንያቱም የስቱዲዮ ሰው ጣት ይህን ልማድ ከኮረስ አልጀመረውም። በ1967 አሜሪካዊው ቢል ፑትናም 1176 የሚባል ኮምፕረሰር አወጣ። ኮምፕረሰር ማለት ድምፁ በጣም ሲጮህ ጫን የሚያደርገው፣ እንደ ተቆጣጣሪ እጅ ያለ ነገር ነው። ምን ያህል ጫን ያድርግ የሚለውን የሚወስኑ አራት በተኖች አሉት፦ 4፣ 8፣ 12 እና 20። እነዚህም እንደ ራዲዮው አንዱ ሲገባ ሌላው የሚወጣ ናቸው።

ቀድቶ ሲሰለቸው ይሁን ሲርበው እንጃ፣ ሰው አራቱንም በአንድ ላይ ተጫናቸው። የድምፁ መጨቆን ከየትኛውም ቁጥር ጋር የማይገጥም ሆነ፤ ከበሮው ክፍሉን ሊያፈነዳ የሚታገል መሰለ። ዘዴው በእንግሊዝ የቀረጻ ባለሙያዎች ዘንድ ስለታወቀ እስከ ዛሬ የብሪታንያ ዘዴ የሚል ስም አለው። እንግዲህ ዳይሜንሽን ዲ ወደ ስቱዲዮ ሲገባ የጠበቀው ጣት የተማረ ጣት ነው። አራት በተን በተርታ ሲያይ "የትኛውን ልጫን?" ብቻ ሳይሆን "ሁሉንም ብጫንስ?" ብሎ የሚጠይቅ።

የጁኖ ሁለት በተን

አሁን ወደ እኔ ላፕቶፕ እንቅረብ። በ1982 ሮላንድ ጁኖ-6ን፣ በዚያው ዓመት ደግሞ ጁኖ-60ን አወጣ። ስድስት ድምፅ በአንድ ጊዜ የሚጫወቱ ሲንተሳይዘሮች ናቸው። ዋጋቸውን ዝቅ ለማድረግ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ኦሲሌተር ብቻ ተሰጠው፤ ውድ የሆኑት ሲንተሳይዘሮች ግን ሁለት ሁለት ነበራቸው። አንድ ኦሲሌተር ደግሞ ብቻውን ቀጭን ነው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ኮረስ ጨመሩለት። እናንተ የጁኖ ድምፅ ብላችሁ የምታውቁት ያ ሰፊና ሞቅ ያለ ነገር በአብዛኛው የዚህ ኮረስ ሥራ ነው። ለድሃ ልብስ የተሰፋ ጥበብ ነበር፤ ውሎ አድሮ ሰው የሚያስታውሰው ጥበቡን ሆነ።

በተኖቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ሲገባ መወዛወዙ በሁለት ሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ ነው። ሁለተኛው ፈጠን ይላል፣ ሆኖም በሰከንድ አንድ ጊዜ እንኳ አይሞላም። ሁለቱም ግራና ቀኙን በተቃራኒ ያወዛውዛሉ። ሁለቱን በአንድ ላይ ስትጫኑ ግን የሁለቱ ድምር አይደለም የሚመጣው። ፍጥነቱ በአንዴ ዘልሎ በሰከንድ ወደ አሥር ጊዜ ይጠጋል፣ ጥልቀቱ ይቀንሳል፣ ግራና ቀኙም ተቃራኒ መሆናቸውን ትተው አብረው ይንቀጠቀጣሉ። እኔ የሰማሁት ኦርጋን ይህ ነው። አያችሁ፣ ይህ እንደ ዳይሜንሽን ዲ የሚያመልጥ ብረት አይደለም። ሰርኪዩቱ ለሁለቱ መገናኘት የራሱ መልስ አለው። ፊቱ ላይ የተጻፈው ሁለት ምርጫ ነው፤ ውስጡ ያሉት ግን ሦስት ናቸው።

በ1984 ታናሽ ወንድሙ ጁኖ-106 መጣ። እሱም ሁለት የኮረስ ምርጫ አለው፣ ነገር ግን አንዱን ስትመርጡ ሌላው ይጠፋል። ሁለቱን አንድ ላይ ብትጫኑ የሚጠብቃችሁ ሦስተኛ ድምፅ የለም። በሁለት ዓመት ልዩነት፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ፣ አንድ በር ተዘጋ። የጁኖ-60 ባለቤት "ሁለቱን ተጫን" ቢለው የ106ቱ ባለቤት ምን እንደሚያወራ አይገባውም።

ሥዕሉ የማያውቀው

እስካሁን ያወራሁት ስለ ብረትና ስለ ሽቦ ነው። ብረት አንድ ደግ ጠባይ አለው፦ ያልጠየቁትንም ይመልሳል። መሐንዲሱ ያላሰበውን ስትጫኑ ኤሌክትሪኩ የሆነ ነገር ያደርጋል፤ ደስ የሚል፣ አስቀያሚ፣ ወይም የሚያጨስ። ዝም ግን አይልም።

ሶፍትዌር እንደዚያ አይደለም። ፕሮግራም ጸሐፊው የበተኖቹን ሥዕል ሲስል "ከአራቱ አንዱ" ብሎ ከጻፈ፣ ዕድሜ ልካችሁን ብትጫኑ ከአራቱ አንዱ ነው። በማውስ ደግሞ ጣታችሁ አንድ ብቻ ነው! ሁለት በተን በአንድ ቅጽበት መጫን የሚባለው ነገር ራሱ ጠፍቷል። እንግዲህ መሣሪያው ወደ ኮምፒውተር ሲሻገር፣ የቀሩት 11 ድምፆች በራሳቸው አይሻገሩም። አንድ ሰው መኖራቸውን ማወቅ አለበት፣ ሊያሻግራቸው መፈለግ አለበት፣ መንገድ መሥራት አለበት።

ያደረጉት ሰዎች አሉ። የቢል ፑትናም ልጆች በ1999 እንደገና ያቋቋሙት ዩኒቨርሳል ኦዲዮ የዳይሜንሽን ዲን ፕለጊን ሲሠራ፣ ሺፍትን ይዞ ለሚነካ ሰው ከአንድ በላይ በተን እንዲገባ አድርጓል። ሺፍት የሁለተኛው ጣት ምትክ ሆነች ማለት ነው። ነፃው ታል ኮረስ ሁለቱን በተኖች ለየብቻ የሚበሩ አድርጎ የጁኖ-60ን ሦስተኛ ድምፅ አስገባ። ጁኖ-106ን የሚያስመስሉ አንዳንድ ፕለጊኖች ጭራሽ ዋናው ያልነበረውን ሦስተኛ ምርጫ ጨምረውለታል፤ ቅጂው ከታላቅ ወንድሙ ተውሶ ከአባቱ በለጠ። ብረቱ ራሱም ከዚህ ተማረ። ቦስ በ1985 ዳይሜንሽን ሲ የሚባል ባለ አራት በተን ፔዳል አውጥቶ ነበር፤ በ2018 እንደገና ሲሠራው ሁለት በተን በአንድ ላይ መጫን ከፔዳሉ ጠባዮች አንዱ ተብሎ ለገዢ ቀረበ። ድሮ ብረቱን አታልለው ያገኙት ነገር፣ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ በፋብሪካው ማስታወቂያ ላይ ወጣ።

ጥያቄዬ እዚህ ጋ መልስ አገኘ። ያን ቀን ከላፕቶፔ የሰማሁት መንቀጥቀጥ የአንድ ሰው ግኝት አልነበረም፤ የቅብብሎሽ ውጤት ነበር። ሁለቱን የተጫነ ሰው ነበር፣ ለሌላ የነገረ ሰው ነበር፣ ሰምቶ ንቆ ያላለፈ ፕሮግራመር ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ዝም ቢል ኖሮ እኔ ሁለቱን በተን ስነካ አንዱ ጠፍቶ ሌላው ይበራ ነበር። ምንም የጎደለ ነገር እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር። ይህ ነው የሚያስፈራኝ፦ ፕለጊን ውስጥ የጠፋ ነገር ቀዳዳ አይተውም። ፊቱ ልክ ነው፣ በተኖቹ ልክ ናቸው፣ ድምፁም ልክ ነው። የጎደለውን የሚያውቀው ዋናውን የነካ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ቀን ያልፋል።

ነገሩ የጃፓን ሣጥን ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። ኪቦርድ ላይ ያለውን ክራር አስቡት። ዛሬ በየሠርጉ የምንሰማው አብዛኛው ክራር በተን ተጭኖ የሚመጣ ነው። ድምፁ ይመስላል፤ አንድ አንድ ክር ተነክቶ ተቀድቷልና። ግን ክራር ተጫዋች ሁልጊዜ አንድ አንድ ክር አይነካም። ከሁለቱ ዋና አመታቶች በአንዱ፣ ቀኝ እጁ ክሮቹን ሁሉ ይመታል፣ የግራ እጁ ጣቶች ደግሞ ከኋላ ሆነው የማይፈለጉትን ክሮች ያፍናሉ። የምንሰማው ጣቱ የለቀቀውን ነው። የታፈኑት ክሮችም ቢሆኑ "ጠብ ጠብ" የሚል ደረቅ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ምቱ ያለው እዚያ ነው። ይህም የበተን ጥምረት ነው ብል አላጋነንኩም፦ የትኞቹ ጣቶች በአንድ ላይ ተጭነዋል፣ የትኛው ተነስቷል። አንድ አንዱን ክር ለየብቻ የቀዳ ሰው ይህን ጥምረት አልቀዳም። ክራር የነካ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ "ሁሉንም በአንድ ላይ ምታው፣ ከኋላ አፍነው" ካላለው በስተቀር አይቀዳውም።

የድሮ ቁም ጸሐፊ ብራና ሲገለብጥ የሚገጥመው ፈተና ይኸው ነበር። ከፊቱ ያለው መጽሐፍ ኅዳግ ላይ አንድ ነገር ተጽፏል። የመጽሐፉ አካል ነው? የአንባቢ ማስታወሻ ነው? ስህተት ነው? ካለፈው፣ ከእሱ ቀጥሎ የሚገለብጥ ሰው መኖሩን አያውቅም። የዛሬዎቹ ፕለጊን ሠሪዎች፣ ድምፅ ቀጂዎች፣ እኔን መሰል ባለ ላፕቶፖችም ያንኑ ሥራ ነው የያዝነው። የፊቱን ጽሑፍ መገልበጥ ቀላል ነው። ኅዳጉን የሚነግራችሁ ግን ሰው ነው።

ዶሮው

ባለፈው ዓመት የአክስቴን ካሴት ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩት። ካሴት ከጀርባው ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት፤ ጥርሱ ከተሰበረ ቴፑ ቀይዋን በተን አልጫንም ይላል። ከሱቅ የሚገዙት ካሴቶች ጥርሳቸው ተሰብሮ ነው የሚመጡት፤ እኛ ደግሞ በላያቸው ለመቅዳት ስንፈልግ ቀዳዳውን በፕላስተር እንደፍናለን። የአክስቴ ካሴት ጥርሱ ሙሉ ነበር። አንድ ሰው ከመርፌ ጫፍ የማይበልጥ ጥንቃቄ ቢያደርግ ኖሮ ያን ቀን ሁለት ጣቴ ምንም ባላደረገ። ቴፕ ሠሪዎቹ ሁለት በተን በአንድ ላይ ተጫኑ ያሉን ለዚህ ነበር፤ በአንድ ጣት፣ ሳይታሰብ፣ የሰው ድምፅ እንዳይጠፋ። እኔ ግን አስቤበት ነበር የተጫንኩት።

ካሴቱ አርጅቷል። ቴፑ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ስለሚል የአክስቴ ድምፅ በራሱ ይወዛወዛል፤ ማንም ኮረስ ያላደረገበት ኮረስ። ማስተካከያ ሶፍትዌር ነበረኝ። ዶሮውንና ትንፋሼን ቆርጬ አውጥቼ ሁለቱን ጫፍ ብገጥም ማንም አያውቅም ነበር። "እንዲሁም ለ..." የሚለውን ከሚቀጥለው ሰላምታ ጋር ማያያዝ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ንጹሕ፣ ቀዳዳ የሌለው ካሴት ይሆናል።

አልቆረጥኩትም። እንዳለ አድርጌ ለእማዬ ስልኬ ላይ ከፈትኩላት። ሰላምታው ጀመረ፣ አያቴ ተጠራች፣ ጎረቤቶቹ በየተራ ተጠሩ፣ "እንዲሁም ለ..." ጋ ሲደርስ አንገቴን ደፋሁ። ትንፋሼ መጣ። ዶሮው ጮኸ። እማዬ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋችና፣ "ቆይ፣ እስቲ መልሰው" አለችኝ። መለስኩላት። ዶሮው እንደገና ጮኸ።

"ይሄ እኮ የነዚያ የታችኛው ግቢ ሰዎች ዶሮ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛ ብሎን የነበረው" አለች። "ለፋሲካ ሲያርዱት እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር!"